ሃዋርድ ሹልትዝ ስለ ዘር ሲናገር ሰራተኞቹ ለምን አላመኑትም?

የሲያትል ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙዎቻችሁ አሜሪካ ውስጥ ካፌ፣ ሆቴል ወይም ኤርፖርት ስለሰራችሁ ይህን ጉዳይ ከእናንተ ጋር ባወራው ይሻላል ብዬ ነው ያመጣሁት። ጉዳዩ የትልቁ የቡና ቤት ኩባንያ፣ የስታርባክሱ ሃዋርድ ሹልትዝ ነው። ዋና ስራ አስፈጻሚ በነበረ ጊዜ እሱን ያህል ስለ ዘር በአደባባይ አፉን ሞልቶ የተናገረ የትልቅ ኩባንያ አለቃ ብዙ አልነበረም። ከባንኮኒው ጀርባ ከቆሙት ሰራተኞች ግን ብዙዎቹ አላመኑትም። ለምን ይመስላችኋል?

ነገሩን ለማታስታውሱ ባጭሩ ልንገራችሁ (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ2014 ፈርጉሰን ከተማ ላይ ጥቁሩ ወጣት ማይክል ብራውን በፖሊስ ጥይት ሞተ። ኒውዮርክ ላይ ደግሞ ኤሪክ ጋርነር የተባለውን ጥቁር ሰው አንገቱን አንቆ ይዞ ለሞት ያበቃው ፖሊስ አይከሰስም ተባለ። በዚያ ሰሞን፣ በዲሴምበር፣ ሹልትዝ ሲያትል ዋናው መስሪያ ቤት ሰራተኞቹን ሰብስቦ የልባችሁን ተናገሩ አላቸው። ከዚያ ኦክላንድ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ሴንት ሉዊስ፣ ኒውዮርክና ቺካጎ ድረስ ሄዶ ተመሳሳይ ስብሰባ አደረገ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው።

በማርች 2015 «ሬስ ቱጌዘር» («ዘር፣ አብረን» እንደማለት ነው) የተባለው ዘመቻ መጣ። ባሪስታው (ቡናውን የሚያዘጋጀው ሰራተኛ) እነዚህን ሁለት ቃላት ኩባያው ላይ እንዲጽፍ፣ ደንበኛው ፈቃደኛ ከሆነም ስለ ዘር እንዲያወራው ታሰበ። ወዲያው ከየአቅጣጫው ውርጅብኝ ወረደ። በሳምንቱ ኩባያ ላይ መጻፉ ቆመ። ኩባንያው ድሮም የታቀደው እስከዚያ ቀን ብቻ ነበር አለ።

እኔ ሰውዬው ከልቡ ነበር ባይ ነኝ። ግን ቅንነቱ ወደ ባሪስታው ሲወርድ ተጨማሪ ስራ ሆኖ ነው የደረሰው። ጥርጣሬው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። እናንተስ?

የማታ ሺፍት፦

ስታርባክስ ሰርቼ አላውቅም። ስሙን የማልጠራው ሌላ ካፌ ውስጥ ግን ለረጅም ጊዜ ሰርቻለሁና ነገሩ ሲሰማ ምን እንደሚመስል ልንገርህ።

ጠዋት ነው። ሰልፉ በሩ ድረስ ደርሷል። ጆሮህ ላይ ሄድሴት አለ፣ ከመኪናው ሳይወርድ የሚገዛው የድራይቭ ስሩው ደንበኛ በእሱ ያዛል። ግራ እጅህ የወተቱን ማሞቂያ ይዟል፣ ቀኝ እጅህ ኩባያ ላይ ስም እየጻፈ ነው። ከላይ ደግሞ እያንዳንዱ መኪና ስንት ሴኮንድ እንደቆመ የሚቆጥር ስክሪን አለ። ቁጥሩ ከተወሰነው ካለፈ ቀይ ይሆናል። ማናጀሩ የሚጠየቀው በዚያ ቀይ ነው፣ አንተ የምትጠየቀው ደግሞ በማናጀሩ። እዚህ መሃል ነው እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ «ከደንበኛው ጋር ስለ አሜሪካ የዘር ታሪክ ተወያይ» የሚልህ። ደንበኛው ቢቆጣስ? ቢሰድብህስ? ቲፑን ቢተወውስ? ጥቁር ከሆንክ ደግሞ በየቀኑ የምትሸከመውን ነገር በትንሽ የሰዓት ክፍያ ለማያውቅህ ሰው እንድታስረዳ ነው የተፈለገው። ሃሳቡን ያመጣው ሰው ያን ሰዓት እዚያ ቆሞ አያውቅም ማለት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ረስቶታል።

ሌላው ነገር የስራ ሰዓቱ ነው። ከዘመቻው ሰባት ወር ቀደም ብሎ፣ በኦገስት 2014፣ ኒውዮርክ ታይምስ ስለ አንዲት የሳንዲየጎ ባሪስታ ረጅም ዘገባ አውጥቶ ነበር። ልጅ የምታሳድግ ነጠላ እናት ናት። ሰዓቷን ኮምፒውተር ነው የሚደለድልላት፣ የሚነገራት ደግሞ በመጨረሻው ሰዓት። ማታ ሱቅ ዘግቶ ንጋት ላይ እንደገና የመክፈቱ ነገርም አለ። ኩባንያው ወዲያው አስተካክላለሁ አለ። እኔ የምለው፣ ሰራተኛ አለቃውን የሚመዝነው በሺፍት ሰሌዳው ነው። ሰሌዳው ላይ መከበር ካላየ ንግግሩን እንዴት ይመን?

ጡረተኛው፦

ልጆቼ፣ ሰውን ስትወቅሱ ያደረገውንም አብራችሁ አንሱ።

ሹልትዝ ሀብታም ቤት አልተወለደም። ብሩክሊን ካናርሲ ውስጥ መንግስት ለድሆች በሰራው ቤት ነው ያደገው። አባቱ ሾፌር ነበሩ፣ ስራ ላይ ተጎድተው ኢንሹራንስ ሳይኖራቸው ቤት ዋሉ። ልጁ ያን አልረሳም። በ1988 ሙሉ ሰዓት ለማይሰሩትም፣ በሳምንት 20 ሰዓት ለሚሰሩት፣ የጤና ኢንሹራንስ ሰጠ። ያን ጊዜ ይህን የሚያደርግ ኩባንያ በጣም ጥቂት ነበር። በ2014 ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ ሰራተኛው ዲግሪውን እንዲጨርስ በር ከፈተ፣ በዓመቱ ደግሞ አራቱንም ዓመት ሸፈነ። በ2017 ጃንዋሪ ትራምፕ ስደተኛ አይገባም ሲል እሱ በአምስት ዓመት አስር ሺህ ስደተኛ እቀጥራለሁ አለ። እኔ እዚህ አገር ስደተኛ ሆኜ የገባሁ ሰው ነኝ። ያን ቀን እሱ ሲናገር ደስ ብሎኛል።

ኩባያ ላይ መጻፉ ስህተት ነው እንበል። የአንድ ሳምንት ስህተት የሰላሳ ዓመት ስራ ይሰርዛል?

ሰው ሀብት፦

ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን ሁለት ጥያቄዎች ተቀላቅለዋል ብዬ አስባለሁ። አንደኛው ሰራተኛውን በደንብ ይዟል ወይ ነው። ሁለተኛው ማን ወደ ላይ ይወጣል፣ ማን ይወስናል የሚለው ነው። ኢንሹራንስና ትምህርት የመጀመሪያውን ይመልሳሉ። ሰራተኛው የጠረጠረው ሁለተኛውን ነው።

እኔ ስራዬ ኤችአር (የሰው ሀብት አስተዳደር) ነው። «ሬስ ቱጌዘር» ሲጀመር ኩባንያው ለጋዜጠኞች የበተናቸው ፎቶዎች ነበሩ፣ ኩባያ የያዙ እጆች የሚታዩባቸው። ሰው ወዲያው ያስተዋለው እጆቹ የነጭ መሆናቸውን ነው። ቀጥሎ ሰዉ የኩባንያውን የአመራር ገጽ ከፍቶ አየ፣ አብዛኞቹ ነጮች ናቸው። የኮሙኒኬሽን ኃላፊው ደግሞ ትችቱ ሲበዛበት የትዊተር አካውንቱን ዘጋ። አስቡት እስኪ፣ ባሪስታው ከማያውቀው ሰው ጋር እንዲያወራ የታሰበው ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ኃላፊው ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልኩን ማጥፋት ቻለ፣ ባሪስታው ግን ባንኮኒውን ትቶ የት ይሄዳል? ኃላፊው በኋላ ተመልሶ መጥቶ አብራርቷል፣ እሱንም ልናገር። ግን ያ ቀን ከሰው ልብ አልወጣም።

ለፍትህ ያህል፣ ቦርዱ ላይ ሜሎዲ ሆብሰን ከ2005 ጀምራ ነበረች፣ በ2021 ሊቀመንበር ሆናለች። ጥቁር ሴት እዚያ ወንበር ላይ መቀመጧ ቀላል ነገር አይደለም። ሱቅ ውስጥ ያለው ሰራተኛ ግን ቦርዱን አያይም። የሚያየው የሱቁን ማናጀርና የእሱን አለቃ ነው።

ባለ ጀበና፦

እኔ የምጨምረው አለ። ይህ ሰው ሊቀመንበር በነበረ ጊዜ ነው ኩባንያው ከአገራችን ጋር የተጋጨው። ኢትዮጵያ በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ላስመዝግብ ስትል የአሜሪካ ቡና ማህበር ተቃወመ። የእርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም ስታርባክስ ከጀርባው አለበት ብሎ በ2006 ዘመቻ ጀመረ። ኩባንያው ካደ። በመጨረሻ ሰኔ 2007 ላይ ስምምነት ተፈረመ፣ የስሞቹ ባለቤት ኢትዮጵያ መሆኗን ተቀበሉ። ስለ ጥቁር ሕዝብ ክብር ለመናገር መጀመሪያ የጥቁር ገበሬውን ስም አለመከልከል ይቀድማል።

የሲያትል ልጅ፦

ባለ ጀበና፣ ቁጭትህ ይገባኛል፣ ግን ጉዳዩ ከመስመር እንዳይወጣብን። ያን ጊዜ ዋና ስራ አስፈጻሚው ጂም ዶናልድ ነበር፣ አዲስ አበባ ሄዶ ከአቶ መለስ ጋር የተነጋገረውም እሱ ነው። በዚያ ላይ የንግድ ምልክት ክርክርና የሰራተኛ አያያዝ አንድ አይደሉም።

ባለ ጀበና፦

አንድ ናቸው አላልኩም። አንድ ኩባንያ ስለ እኩልነት የሚናገረው ኪሱ ሳይነካ ሲቀር ብቻ ነው ወይ ነው ጥያቄዬ። ሰራተኞቹም የጠየቁት ይህንኑ ነው። ስለ ሺፍት፣ ስለ ደሞዝ፣ ስለ እድገት ሲጠየቅ ገንዘብ ያስወጣል። ኩባያ ላይ መጻፍ ምን ያስወጣል?

የፊሊ ነዋሪ፦

እናንተ 2015 ላይ ቆማችሁ ቀራችሁ። የቃሉ ፈተና የመጣው 2018 እዚህ ፊላደልፊያ ነው።

ኤፕሪል 12። ሪተንሃውስ ስኩዌር አጠገብ፣ 18ኛውና ስፕሩስ መንገድ ላይ ያለው ሱቅ። ሁለት ጥቁር ወጣቶች ለስራ ጉዳይ ሰው እየጠበቁ ተቀምጠዋል። አንደኛው መጸዳጃ ቤት ልጠቀም አለ፣ ካልገዛህ አይቻልም ተባለ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ማናጀሯ ፖሊስ ጠራች። የጠበቁት ሰውዬ ሲደርስ ልጆቹ እጃቸው በካቴና ታስሮ እየወጡ ነው። ነጭ ደንበኞች ቆመው «ምን አደረጉ?» እያሉ ፖሊሱን ሲጠይቁ ቪዲዮው ላይ ይሰማል። ልጆቹ አልተከሰሱም። በኋላ ከከተማው ጋር የተስማሙት እያንዳንዳቸው አንድ ዶላር ወስደው፣ ከተማው ደግሞ ለወጣት ስራ ፈጣሪዎች 200,000 ዶላር እንዲመድብ ነው። እንዲህ ያለ ልብ ያላቸው ልጆች ናቸው።

ሹልትዝ ያን ጊዜ ዋና ስራ አስፈጻሚነቱን ለኬቨን ጆንሰን አስረክቦ የቦርድ ሊቀመንበር ነበር። ሳይገዙ መቀመጥና መጸዳጃ ቤት መጠቀም በአብዛኛው ለማናጀሩ ውሳኔ የተተወ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ዘር ሲወራ በነበረ ኩባንያ ውስጥ ማን ተቀምጦ ማን ይባረር የሚል ለሁሉም አንድ የሆነ ግልጽ ደንብ አልነበረም! ለኔ ከኩባያው የባሰው ይህ ነው።

ታክሲ ዲሲ፦

ሜይ 29 ከስምንት ሺህ በላይ ሱቅ ዘግተው አሰልጥነዋል እኮ። ያ ገንዘብ አላስወጣም?

የፊሊ ነዋሪ፦

አስወጥቷል፣ ትክክል ነህ። ወደ 175,000 ሰራተኛ ነው የሰለጠነው፣ ያን ከሰዓት ሽያጭ የለም። በዚያው ወር ሳይገዛም ማንም ሰው መቀመጥ ይችላል የሚል ደንብ ወጣ። እኔ ያ ደንብ ከስልጠናው ይበልጣል እላለሁ፣ ምክንያቱም ማናጀሩም ሰራተኛውም ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ግን እሱም በጃንዋሪ 2025 በአዲሱ አለቃ በብራያን ኒኮል ተነሳ። ታዲያ ሰራተኛው የትኛውን ቃል ይያዝ? አለቃ ሲቀየር የሚቀየር ነገር እምነት ይሆናል?

ሰው ሀብት፦

ከፊላደልፊያው ጉዳይ ብዙ ሰው የማያነሳው አንድ ነገር አለ። ከግርግሩ በኋላ የአካባቢው ሱቆች የበላይ ኃላፊ የነበረች ነጭ ሴት ተባረረች። እስሩ ላይ እጇ የለበትም። ከሰሰች። በጁን 2023 ኒው ጀርሲ ላይ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) ዘሯ ለመባረሯ ምክንያት ሆኗል ብሎ 25.6 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላት።

ይህን የማነሳው ጥቁሮቹ ልጆች የደረሰባቸውን ለማቅለል አይደለም። ከላይ ያሉት ሲደነግጡ ዕዳው መሃል ላይ ባለ ሰው ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ስለሚያሳይ ነው። ነጭም ሆነ ጥቁር ሰራተኛ ይህን ካየ በኋላ የሚይዘው ትምህርት «አፌን ልዝጋ፣ ከዚህ ጉዳይ ልራቅ» የሚል ነው። ብዝኃነት የሚባለው ነገር እንደ ወጥመድ ይታየዋል። እኔ በስራዬ ይህን ፍርሃት በየጊዜው አያለሁ፣ ስልጠና ሲባል ሰው ፊቱ ይጠቁራል።

ስለዚህ እኔ ከንግግር ይልቅ በጽሁፍ የሰፈረ ቁጥር እመርጣለሁ። ሹልትዝ ከወጣ በኋላ፣ በኦክቶበር 2020፣ ኩባንያው በ2025 የቢሮ ሰራተኞቹ ቢያንስ 30 በመቶ፣ የሱቅና የፋብሪካ ሰራተኞቹ ደግሞ ቢያንስ 40 በመቶ ነጭ ያልሆኑ እንዲሆኑ ግብ አስቀመጠ። የትልልቆቹን ኃላፊዎች ክፍያም ከዚህ ጋር አያያዘው። ደረቅ ነው፣ አያስለቅስም። ግን ዓመት ሲያልፍ ደረስክ አልደረስክም ማለት ይቻላል። በዚህ ላይ ሕጋዊ ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። ቢሆንም ከኩባያ ላይ ጽሁፍ ይሻላል።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ በደንብ አስረዳሽ። ቁጥሩንም እቀበላለሁ። ሰውዬው ሳይሞክር ዝም ቢል ግን ይሻል ነበር ወይ? ያ ነው የማይገባኝ። ዝም ያሉትን ማንም አይወቅስም። የሞከረው ይደበደባል። ነገ ሌላው አለቃ ይህን አይቶ አፉን ይዘጋል።

የማታ ሺፍት፦

ጋሼ፣ ዝም ይበል አላልንም። ቀድሞ ይጠይቅ ነው ያልነው። ያ ሁሉ ስብሰባ ሲደረግ ሰራተኛው ብሶቱን ነግሮታል። ከዚያ «ኩባያ ላይ እንጻፍ» ያለው ማን ነው? እኔ ሰራተኞቹ የሚሉ አይመስለኝም። ቢጠየቁ ኖሮ ስንቱ ጥቁር ባሪስታ ሺፍት ሱፐርቫይዘር (የፈረቃ ተቆጣጣሪ) ደረጃ ላይ ቆሞ እንደቀረ፣ ማን ማናጀር እንደሚሆን፣ ደንበኛ ሲሰድባቸው ማናጀሩ ከማን ጋር እንደሚቆም ያወሩለት ነበር። እኔ በሰራሁበት ቤት አንድ ደንበኛ «እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ጥሪልኝ» ብሎኝ ማናጀሩ ይቅርታ ጠይቆ ነጻ ቡና ሰጥቶታል። ይቅርታው ለኔ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያ ማናጀር ስለ እኩልነት የፈለገውን ቢናገር ጆሮዬ አይሰማውም።

ጡረተኛው፦

ይቅር ይበለው። እንዲህ ያለ ነገር መስማት ያሳዝናል።

ታክሲ ዲሲ፦

ሹልትዝ በ2019 ለፕሬዚዳንት ልወዳደር ሲል ሲኤንኤን ላይ «ልጅ ሆኜ የቆዳ ቀለም አላይም ነበር፣ አሁንም አላይም» ያለው ትዝ ይላችኋል? የፊላደልፊያው ነገር ዓመት እንኳ አልሞላውም። ሰራተኛውን ስለ ቀለም እንዲያወራ ያሰማራ ሰው ቀለም አላይም ሲል እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። ካላየህ በማን ላይ ምን እንደሚደርስ እንዴት ታውቃለህ?

ቡፋሎ፦

ዘግይቼ ነው የገባሁት፣ ግን ዩኒየኑን (የሰራተኛ ማህበሩን) ሳታነሱ ይህ ክር እንዳይዘጋ።

በዲሴምበር 2021 እዚህ ቡፋሎ ኤልምውድ ጎዳና ያለው ሱቅ ዩኒየን መረጠ። ከኩባንያው ሱቆች በዚያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ሹልትዝ በኤፕሪል 2022 በጊዜያዊነት ወደ ዋና ስራ አስፈጻሚነት ተመለሰ፣ ወዲያው ደግሞ ዩኒየን ላልገቡ ሱቆች ብቻ የሚሆን የደሞዝና የጥቅማ ጥቅም ጭማሪ አሳወቀ። በማርች 2023 ሴኔት ፊት ቀርቦ ሴናተር በርኒ ሳንደርስ ሲጠይቀው ሕግ አልጣስንም አለ። በዚያው ወር ግን የፌዴራሉ የሰራተኛ ግንኙነት ቦርድ ዳኛ ቡፋሎ ላይ ብዙና ከባድ የሕግ ጥሰት አግኝቷል።

ይህ ከዘር ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ሰራተኛው በ2014 «የልባችሁን ተናገሩ» ተብሎ ነበር። በ2021 የልቡን ተናገረ። በድምጽ፣ በምርጫ ካርድ። የተሰጠው መልስ ይህ ነው። እኔ ከዚያ በኋላ የድሮዎቹን ስብሰባዎች ቪዲዮ ሳይ የሚታየኝ የሚያዳምጥ አለቃ ነው፣ ግን ማዳመጡ ርዕሱን እሱ እስከመረጠው ድረስ ነው።

የሲያትል ልጅ፦

ቡፋሎ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። አመሰግናለሁ።

አዲስ ገቢ፦

ሰላም፣ ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የምቀጠርበት ቦታ (ሌላ ኩባንያ ነው) ድረ ገጹ ላይ ስለ ብዝኃነት የማይለው የለም፣ ፎቶው ላይም ሁሉም ዓይነት ሰው አለ። ሐሙስ ኢንተርቪው አለኝ። እውነት ይሁን አይሁን በምን ልወቅ?

ሰው ሀብት፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ጠሩሽ። በጨዋ አነጋገር ልትጠይቂ የምትችዪው አለ፣ ማንም አይቀየምሽም። የሚቀጥለውን ሳምንት ሰዓት ስንት ቀን ቀድማችሁ ትነግራላችሁ በይ። ባለፈው ዓመት ከዚህ ቦታ ተነስቶ ማናጀር የሆነ ሰው አለ ወይ በይ፣ ካለ መንገዱ እንዴት እንደነበር ይንገሩሽ። ደንበኛ ሰራተኛን ሲሰድብ ምን ታደርጋላችሁ ብለሽ ደግሞ በምሳሌ ጠይቂ። ለዚህ የመጨረሻው ፈጥኖ መልስ ያለው ማናጀር ጉዳዩ ገጥሞት አስቦበት ያውቃል ማለት ነው። «እንዲህ ያለ ነገር እኛ ጋ የለም» ካለሽ ግን ተጠንቀቂ።

የማታ ሺፍት፦

ከቻልሽ ደግሞ ከኢንተርቪው በፊት አንድ ቀን ማታ ሄደሽ ሻይ ግዢና ተቀመጪ። በመዝጊያ ሰዓት መጸዳጃ ቤቱን የሚያጥበው ማን እንደሆነ፣ ቁልፍ ይዞ ገንዘብ የሚቆጥረው ማን እንደሆነ እይ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰው ከሆነ ድረ ገጹን እርሺው።

አዲስ ገቢ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ረቡዕ ማታ እሄዳለሁ፣ ያየሁትን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።